«መድኃኒቱ እዚያው ነው»

የጡረታ ደብዳቤዬን ያስፈረመኝ የአስተዳደር ሠራተኛ፣ «እንግዲህ ጋሼ፣ ብዙ ደክመዋል፤ አሁን ያርፋሉ» አለኝ። ደግ ሰው ነው፤ ክፉ አልተናገረም። ማረፍ ግን በፊርማ የሚመጣ ነገር አይደለም። ቤት መዋል ከጀመርሁ ወዲህ ጠዋት ስነቃ ቀኝ እጄ ሳላዘው የግራ አንጓዬን ይዞ የደም ምት ይፈልጋል። ከሠላሳ ዓመት በላይ የሰው አንጓ ሲይዝ የኖረ እጅ ሌላ ምን ይሥራ? ባለቤቴ ታየኝና «ዛሬስ አለህ?» ትለኛለች። አለሁ።

የነርስነት ዘመኔን ጻፍ ጻፍ የሚሉኝ ጓደኞቼ ናቸው። የተሾምሁበትንና የተሸለምሁበትን እንድጽፍላቸው ነው መሰለኝ። አልተሾምሁም። የተሸለምሁት አንድ ጋቢ ነው፤ እሱም በመሸኛዬ ቀን። ስለ ደመወዙ ማውራት ትርፉ መብሰልሰል ነው። እኔ የምጽፈው ስለ አንዲት ሴት ልማድና ያንን ልማድ ስለተውሁበት አንድ ቀን ነው።

የመጀመሪያ ምድቤ ኮን ነበር፤ ዋድላ ውስጥ። የዋድላን ብርድ የማያውቅ ሰው ብርድ አውቃለሁ አይበል። ጠዋት ጠዋት የታማሚ ሆድ ከመንካታችን በፊት እጃችንን ምድጃ ላይ እናሞቅ ነበር። የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሲስተር ጥሩወርቅ ይባሉ ነበር፤ አጭር፣ ቀጭን፣ ሲቆጡ ድምፃቸው ከፍ በማለት ፈንታ ዝቅ የሚል ሴት። እጅ ማሞቁን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። «ሰው ታሞ መጥቶ ደግሞ በአንተ ጣት ይደንግጥ?» ይሉ ነበር።

በገባሁ በወሩ ይመስለኛል፣ ጆሮው የሚመግል ሕፃን ያዘለች እናት መጣች። የሚጠጣ ሽሮፕ ሰጠኋት፤ በቀን ሦስት ጊዜ፣ አንድ አንድ ማንኪያ ብዬ ሸኘኋት። በሳምንቱ ተመልሳ መጣች። ሽሮፑን በማንኪያ እየለካች ጆሮው ውስጥ ስታፈስ ከርማለች። የታመመው ጆሮው ነዋ! እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ሲስተር ጥሩወርቅ ግን አልሳቁም፤ የልጁን ጆሮ አጥበው፣ እናቲቱን አጽናንተው ከሸኙ በኋላ ጠሩኝ።

«ማነው የተሳሳተው?» አሉኝ።

«እሷ ናታ፣ ሲስተር።»

«እሷማ የሰማችውን አደረገች። አንተ የተናገርኸውን ታውቃለህ፤ እሷ የሰማችውን ግን መቼ ሰማህ?»

ከዚያ በኋላ ለሦስት ዓመት አሠራራቸውን አጠገባቸው ሆኜ አየሁት። አንዲት ዝቅተኛ በርጩማ ነበረቻቸው። መድኃኒት ሰጥተው ማስረዳት ሲጀምሩ ወንበራቸውን ይተዉና በርጩማዋን ስበው ከታማሚው ዝቅ ብለው ይቀመጣሉ። ሽቅብ እያዩ ይነግሩታል። ነግረው ሲጨርሱ «አሁን ቤት ሲገቡ ‘ምን አሉህ?’ ብለው ቢጠይቁዎ፣ ምን ይሏቸዋል?» ይላሉ። ሰውየው ይናገራል፤ እሳቸው እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይሰማሉ። ከተሳሳተ «እኔ ነኝ ያላስረዳሁት» ብለው ከመጀመሪያው ይጀምራሉ።

«‘ገባዎት?’ ብለህ አትጠይቅ» ይሉኝ ነበር። «ያገሬ ሰው ጨዋ ነው፤ ባይገባውም አንተን ላለማሳፈር ‘ገባኝ’ ይልሃል። በጨዋነቱ ይሞትብሃል።»

ከኮን ወደ ወገል ጤና ከተማ ተዛወርሁ። እዚያ ያገኘሁት አለቃ ደግሞ ሰዓቱን እያየ የሚኖር ሰው ነበር፤ ጥያቄዬን «ወሬ» ይላታል። አንድ ቀን የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሰጠኋቸውን የደላንታ ገበሬ ቤት ሲገቡ ምን እንደሚሉ ጠየቅኋቸው። «ከባለቤቴ ጋር እኩል እንካፈለዋለን፤ እሷም ታስላለች፤ እኔ ብቻዬን ብድን ነውር ነው» አሉኝ። አለቃዬ በሩ ላይ ቆሞ ሰምቷል። ከዚያ በኋላ ወሬ ማለቱን ተወ። ባለቤታቸውንም አስመጥተን መረመርናቸው። ይቺን የምጽፋት ልመጻደቅ አይደለም፤ የጥያቄዋን ዋጋ አሳምሬ አውቅ እንደነበር እንድታውቁልኝ ነው። ባላውቅ ኖሮ ዛሬ ይህን ያህል ባልተቃጠልሁ።

የመጨረሻ ምድቤ ከላሊበላ ወጣ ብሎ ያለ አንድ ጤና ጣቢያ ነበር። ያደግሁበት አገር ነው። አንድ አስጎብኚ ከእንግዶቹ ለምኖ ያመጣልን የልብ ምት መመርመሪያ ማሽን ነበረን፤ ወረቀቱን ማንበብ የተማርሁት ደሴ ለሥልጠና ሄጄ ነው። እዚያው ሥልጠና ላይ ነው አንድ ወጣት የልብ ሐኪም ስለ ሽቦው ሲያስረዳ የሰማሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልብ ደም ሥር ሲጠብ፣ ከእጅ አንጓ በቀጭን ቱቦ ይገቡና የጠበበውን ቦታ በትንሽ ፊኛ ነፍተው ያሰፉታል። ሲሰፋ ግን የሥሩ ግድግዳ ይቆስላል፤ ቁስሉ ሊሽር ሲል ከልክ በላይ ሥጋ ያበቅልና መንገዱ በወራት ውስጥ እንደገና ይጠባል። ለዚህ የመቱት መላ ሽቦው ነው። በወንፊት መልክ የተሠራች ቀጭን የሽቦ ቱቦ እዚያው ትተው ይወጣሉ፤ ሽቦዋ ደግሞ መድኃኒት ተቀብታለች። መድኃኒቱ ቀስ እያለ ከቆሰለው ቦታ ላይ ብቻ ይወጣል፤ ሥጋው እንዳይደልብ ይከለክላል። ሆድ አይገባ፣ ሰውነት አይዞር። እኔ ለአንድ ጣት ቁስል የሰውን ገላ በሙሉ በመርፌ ሳስጨንቅ የኖርሁ ሰው ነኝ፤ መድኃኒት የታመመችዋ ቦታ ላይ ብቻ ተቀምጦ ሲሠራ መስማት እንዴት እንዳስደሰተኝ ልነግራችሁ አልችልም። ሐኪሙ አንድ ነገር አክሏል፤ ያንን የሰማሁት በግማሽ ጆሮ ነው መሰለኝ። መድኃኒቱ ሥጋ እንዳይበቅል ስለሚከለክል ሽቦዋ ለብዙ ጊዜ ራቁቷን ትቆያለች፤ ራቁት ሽቦ ላይ ደግሞ ደም ይረጋል። ስለዚህ ታማሚው አስፕሪንና ሌላ የደም ማቅጠኛ ክኒን ለአንድ ዓመት ያህል ያለ ማቋረጥ ይውጣል። ሽቦው ያለ ክኒኑ ወጥመድ ነው።

መምሬ ምስጋናው ከይምርሐነ ክርስቶስ ወዲህ ባለች አንዲት የገጠር ደብር ቀዳሽ ነበሩ። ፊደል ያስቆጠሩኝ፣ ዳዊት ያስደገሙኝ እሳቸው ናቸው፤ ትዳር ስይዝም የንስሐ አባቴ ሆኑ። አንድ የሚያዝያ ቀን ባለቤታቸው እመት ብርቄ እየደገፏቸው መጡ። «ዳገቱ ላይ ስደርስ ሰው ደረቴ ላይ ይቀመጥብኛል፤ ስቆም ይነሣል» አሉኝ። ማሽኑን አሰርሁላቸው፤ ወረቀቱ አላማረኝም። ደሴ፣ ከደሴም አዲስ አበባ ሄዱ። ግንቦት ውስጥ ያቺ ባለመድኃኒት ሽቦ ገባችላቸው።

በሰኔ መጨረሻ ለክትትል ወደ እኔ መጡ። ፊታቸው ቀልቷል፤ ዳገቱን ሳይቆሙ ወጥተውታል። አንጓቸውን፣ ቱቦው የገባባትን ጠባሳ፣ ግፊታቸውን ሁሉ አየሁ። ከዚያ ሐሴት አደረግሁና ሽቦዋን ላስረዳቸው ተነሣሁ። እስክሪብቶዬን ፈትቼ ውስጡ ያለችውን ሞላ አወጣሁ።

«ይኸው አባ፣ ልብዎ ውስጥ ያለችው እንዲህ ያለች ነች። መድኃኒት ለብሳለች። መድኃኒቱ ሌላ የትም አይሄድ፤ እዚያው ቁስሉ ላይ ቀን ከሌት ይሠራል።»

ሞላዋን መዳፋቸው ላይ አስቀምጠው ረጅም ጊዜ አዩአት። «ለማስፋት አቁስለው፣ ለማሻር ደግሞ መድኃኒት አልብሰው አስቀመጡልኝ በለኛ!» አሉ። «ግሩም ነው። አየህ ልጄ፣ እኔ ሞኙ ሐኪም ሁሉ በአፍ ብቻ የሚያድን መስሎኝ።»

ክኒኖቹንም ሰጠኋቸው። በየቀኑ፣ ለዓመት፣ ሳያቋርጡ አልኋቸው። ለምን እንደሆነ ግን አልነገርኋቸውም። የሽቦዋ ታሪክ ጥሞኝ የክኒኑን ታሪክ ረሳሁት።

የሲስተር ጥሩወርቅ በርጩማ እዚያም ነበረችኝ፤ እንደሷ ያለች ላሊበላ አሠርቼ ነበር። ተቀምጬባታለሁ። ጥያቄዋም ምላሴ ላይ መጥታለች። ግን በዚያች በርጩማ ላይ ተቀምጬ ሽቅብ ሳያቸው እኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ፤ እሳቸው ደግሞ «ድገም!» የሚሉኝ መምህሬ። የንስሐ አባቴን እንደ ተማሪ «እስቲ ይድገሙልኝ» ልበላቸው? ላብ አላበኝ። አፈርሁ። ወረፋውም ረጅም ነበር። ተነሥቼ መስቀላቸውን ተሳለምሁ።

በሩን ከፍተው ሊወጡ ሲሉ ዞር አሉ። «መድኃኒቱ እዚያው ነው አይደል ልጄ?»

«አዎ አባ፣ እዚያው ነው» አልኋቸው። ትምህርቱን በመያዛቸው ደስ ብሎኝ ነበር።

ነሐሴ ገባ። ፍልሰታ ነው። በኛ አገር ፍልሰታን ሕፃን ሽማግሌው ይጾማል፤ መምሬ ደግሞ ለዳኑበት ስለት ነበረባቸውና ከሰው ተለይተው ወደ አንድ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ሱባኤ ገቡ። እኔ ይህን አልሰማሁም፤ ብሰማም አልደነግጥም ነበር። ክኒን በጾም ወራትም ይዋጣል፤ ማታ ከቅዳሴ በኋላ በአንድ ጉንጭ ውሃ። ለታመመ ሰው ጾም እንደማይጸናበት ለአገሩ ሁሉ ሲነግሩ የኖሩት ራሳቸው መምሬ ናቸው።

ሱባኤው ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አራት ሰዎች በቃሬዛ ይዘዋቸው መጡ። ዝናብ ነበር፤ ሰዎቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። የመምሬ ግንባር በላብ ተነክሯል፤ እጃቸው ግን የኮን ጠዋት ሆኗል። ማሽኑን አሰርሁ። ወረቀቱ ላይ ያየሁት መስመር ሽቦዋ ያለችበት ሥር ጥርቅም ብሎ መዘጋቱን የሚናገር ነው።

«መድኃኒታቸውስ? ይዘዋል?» አልሁ ወደ ሰዎቹ ዞሬ።

«ኧረ ምን መድኃኒት ይዘዋል! ዳዊታቸውንና ትንሽ ቆሎ ይዘው ነው የገቡት» አለኝ አንደኛው።

አስፕሪን አስቆርጥሜያቸው፣ መርፌ ሰጥቼ አምቡላንስ አስጠራሁ። አምቡላንሱ ወንዝ ሞልቶበት ማዶ ቆሞ ነበር። መምሬ እጄን ፈልገው ያዙት። «ድኜ ነበር እኮ ልጄ» አሉኝ። ቅሬታ የለውም፤ የገረማቸው ሰው አነጋገር ነው። አንጓቸውን እንደያዝሁ ነው ምታቸው የቆመው። ወንዙ የጎደለው ከሰዓት በኋላ ነው።

በዚያ ክረምት መንገድ በየጊዜው ይዘጋ ነበር፤ ብዙ ሰው የስኳርና የግፊት መድኃኒት አጥቶ ተጎድቷል። ስለዚህ ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ ምክንያቱን አገኘው። «መንገዱ ነው የገደላቸው፤ መድኃኒት አልቆባቸው ነው አይደል?» አሉኝ አንድ ሽማግሌ። እኔ አንገቴን ደፋሁ። አንገት መድፋት እንደ አዎ ተቆጠረልኝ፤ እኔም አላረምሁትም። እመት ብርቄ ማዶ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው አዩኝ።

ከዚያ በኋላ ጥያቄዋን ያልጠየቅሁት ሰው የለም። መነኩሴ፣ ዳኛ፣ መምህር፣ የራሴ አለቃ፣ ማንም ይሁን ማን ሳይመልስልኝ ከክፍሌ አይወጣም። የሥራ ባልደረቦቼ «ቤት ሲገቡ» የሚል ቅጽል ስም አወጡልኝ። «‘ቤት ሲገቡ’ ዛሬ ገብቷል?» ይባባላሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ማንም ያላወቀው፣ ሥራዬን እስካቆም ድረስ አንድ ነገር ሲከነክነኝ መኖሩን ነው። መምሬ ክኒኑን ለምን ተዉት? ረስተውት ይሆን? ስለታቸው አስገድዷቸው ይሆን? ወይስ እኔ ነኝ? በዚያ በር ላይ «እዚያው ነው» ያልሁት እኔ ነኝ? ቤት ሲገቡ ለባለቤታቸው የነገሯቸውን ብሰማ መልሱን አውቀው ነበር። ለመስማት ግን ፈራሁ። ለቅሶ ከደረስሁ ወዲህ የእመት ብርቄን ደጅ አልረገጥሁም፤ ገበያ ሳያቸው እንኳ መንገድ እቀይር ነበር።

ጡረታ ከወጣሁ በሦስተኛው ሳምንት ሄድሁ። የገብስ አጨዳ ነበር፤ አገሩ ሁሉ እርሻ ላይ ነው። እመት ብርቄ ከቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጥጥ ይፈትላሉ።

«መጣህ?» አሉኝ፣ ትናንት የተቀጣጠርን ይመስል። «ተቀመጥ እንጂ ልጄ። እጅህ ከስቷል።»

የምቀመጥበት አጣሁና ከእግራቸው ሥር ካለች ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ሽቅብ አየኋቸው። መግቢያ አዘጋጅቼ ነበር፤ ሁሉም ጠፋኝ።

«እመት፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ ነው። ያን ጊዜ፣ በሰኔ፣ መምሬ ከእኔ ዘንድ ሲመለሱ… ‘ምን አለዎ?’ ብለው ጠይቀዋቸው ነበር?»

እንዝርቱ ቆመ። ተነሥተው ገቡና በመምሬ አሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር ይዘው ወጡ። ፈቱት። ክኒኖቹ ናቸው፤ በየካርቶናቸው፣ ብዙዎቹ ያልተነኩ።

«መንገድ ነው የገደላቸው ሲሉ ዝም አልሁ» አሉኝ። «አንተም ዝም አልህ። እኔስ የንስሐ ልጃቸውን ስም ላለማጉደፍ ብዬ ነው።»

አንዱን ካርቶን አንሥቼ ክኒኖቹን ቆጠርሁ።

«ጠየቅኸኝ አይደል? ልንገርህ። መጠየቅም አላስፈለገኝ፤ ደስ ብሏቸው ነበርና ገና በርህን ዘግተው ሲወጡ ነው የነገሩኝ። ‘ብርቄ፣ እልል በይ! ልጃችን በሞላ አሳየኝ። መድኃኒቱን ከልቤ ላይ አኑረውልኛል፤ ቀን ከሌት ይሠራል። ይህ ክኒን መንገድ መሸኛ ነው፤ በአፌ የምወስደው የውስጡ ሥራውን እስኪይዝ ነው። ለፍልሰታ እደርሳለሁ’ አሉኝ። ቃል በቃል ነው፤ አልጨመርሁም፣ አልቀነስሁም።»

አሳምረው ይዘውት ነበር። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው የእኔን ትምህርት፣ በእኔ ቃል፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ሲቀር። እሷን ለማረም የሚፈጀው ጊዜ አንድ መርፌ ከመውጋት አይበልጥም።

«ከክፍሌ በር ላይ ሆነው ነው የነገሩዎ?» አልኋቸው።

«ከበርህ ላይ። እኔ ደጅ ካለችው አግዳሚ ላይ ስጠብቃቸው ነበር። ድምፃቸው እንኳ ከፍ ብሎ ነበር፤ ትሰማን ይሆን ብዬ አፍሬያለሁ።»

ቀደም ብዬ ወረፋው ረጅም ነበር ብዬ ጽፌአለሁ። ለራሴም እስከዚያች ቀን ድረስ እንዲያ ስለው ኖሬአለሁ። እመት ብርቄ ግን አግዳሚዋን ሲያነሡ፣ ያን ቀን በሩ ሲከፈት እንዳየኋት እንደገና ታየችኝ፤ ከእሳቸው በቀር ማንም አልተቀመጠባትም። ያን ቀን ወረፋ አልነበረም።